ቀይ ደም ያለው ቀንድ አውጣ

ደም ቀይ ነው ብለን አድገናል። «ደም» ሲባል ሌላ ቀለም በሐሳባችን አይመጣም። ግን ከጎንደር ወደ ደንቢያ ወርዶ አንድ የመስኖ ቦይ ዳር ቁጭ ያለ ሰው፣ በአንድ ክንድ ርቀት ውስጥ ቀይ ደም ያለው ቀንድ አውጣና ሰማያዊ ደም ያለው ቀንድ አውጣ ጎን ለጎን ሊያገኝ ይችላል። ባለ ቀይ ደሙ ለሰው የሚተርፍ በሽታ ይሸከማል፣ ብልሃርዚያን። ባለ ሰማያዊው ደግሞ በጉንና ከብቱን የሚያከሳውን የጉበት ትል።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። «የቀንድ አውጣ ደም አንተን ምን አገባህ?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ያገባኛል። ከእንዲህ ዓይነቱ ደም የሚወጣ አንድ ፕሮቲን በዓለም ገበያ በሚሊግራም እየተመዘነ ይሸጣል። የእኛው ቀንድ አውጣ ደግሞ ልጆቻችን በሚዋኙበት ወንዝ ውስጥ ይኖራል። ስለ ሁለቱ ግንኙነት የሚያወራ ሰው ግን በሰፈሬ አላገኘሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦክስጅን በውሃ ውስጥ ብዙም አይሟሟም። በጣም ትንሽ ፍጥረት ከሆነ በቆዳው በኩል የገባው ይበቃዋል፤ ገላው ወፈር ሲል ግን ኦክስጅኑን ከመግቢያው ተቀብሎ እስከ ውስጥ የሚያደርስ ጫኝ ይፈልጋል። እኛ ጀርባ አጥንት ያለን እንስሳት (ከጥቂት የአንታርክቲካ ዓሦች በቀር) በአንድ ጫኝ ተስማምተናል። ብረት ያለበት ሄሞግሎቢን ነው፣ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ታሽጎ የሚዞር። ጀርባ አጥንት የሌላቸው ግን እንዲህ አልተስማሙም። ንብና ዝንብ አየሩን በቀጫጭን ቱቦዎች በቀጥታ ወደ ሥጋቸው ስለሚያስገቡ ጫኙን ከነጭራሹ ትተውታል ማለት ይቻላል። ሸርጣን፣ ኦክቶፐስና አብዛኛው ቀንድ አውጣ መዳብ መረጡ። የእነሱ ፕሮቲን ሄሞሳያኒን ይባላል፤ ሁለት የመዳብ አተሞች አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል በመሃላቸው ይይዛሉ። ኦክስጅን ሲይዝ ሰማያዊ ነው፣ ሲለቅ ቀለም አልባ። ስሙን ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1878 የኦክቶፐስ ደም ሲመረምር የነበረው ቤልጂየማዊው ሊዮን ፍሬደሪክ ነው።

የምድር ትልና ብዙ የባሕር ትሎች ደግሞ እንደ እኛ ሄሞግሎቢን አላቸው፤ ግን በሕዋስ አላሸጉትም። በደሙ ፈሳሽ ውስጥ እንዲሁ ይንሳፈፋል። ሾልኮ እንዳይጠፋባቸው ያገኙት ዘዴ ግዙፍ ማድረግ ነው። የሰው ሄሞግሎቢን 64 ሺሕ ዳልተን ገደማ ሲመዝን የምድር ትሉ ወደ 3.6 ሚሊዮን ይደርሳል። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ ትመጣለች።

አሁን ወደ ቦዩ። ብልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ቢዮምፋላሪያ ይባላል፤ በእኛ አገር ዋናው ዝርያ ቢዮምፋላሪያ ፋይፈሪ ነው። ዛጎሉ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ጠፍጣፋ፣ መጠኑ ከአንድ የሸሚዝ ቁልፍ ብዙም የማይበልጥ። የሥጋ ዘመዶቹ በመዳብ ሲኖሩ የእሱ ቤተሰብ ወደ ብረት ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2006 የጀርመን ተመራማሪዎች የዚህን ቤተሰብ ሄሞግሎቢን አሠራር ሲያወጡት ያገኙት ነገር ይገርማል፦ ከሌላ እንስሳ የተወረሰ ሳይሆን፣ ቀንድ አውጣው በሥጋው ውስጥ የነበረውን አነስተኛ ኦክስጅን ያዥ ፕሮቲን ደጋግሞ በማባዛት የሠራው ነው። በአንዱ ሰንሰለት ላይ 13 ኦክስጅን መያዣዎች ተደርድረዋል። የድሮውን ማሽን አውጥቶ፣ በግቢው ካለው ቁርጥራጭ አዲስ ማሽን እንደገጣጠመ ፋብሪካ አድርጋችሁ አስቡት። ትርፉም ግልጽ ነው፤ ሞቅ ባለና ኦክስጅን ባነሰው ውሃ ውስጥ መኖር ይቻላል። ዝግ ብሎ የሚፈስ ወንዝ፣ የመስኖ ቦይ፣ የግድብ ዳር፤ ማለትም ሰው የሚታጠብበትና ልጅ የሚዋኝበት ቦታ።

ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ አንድ ጓደኛዬ አሳይቶኛል። ጓንት አድርጎ አንዷን ቀንድ አውጣ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጠና ዛጎሏን በመቆንጠጫ ጫን አላት። የወጣው ጠብታ ቀይ ነበር። የጣት ደም ብትሉኝ አምን ነበር። «አሁን ይሄን እኛ ላይ ብታደርገው?» አልኩት። «ሞኝ!» ብሎ ሳቀብኝ። ሆኖም ጥያቄው የሞኝ ብቻ እንዳልሆነ በኋላ ነው ያነበብኩት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ይህንን በባዶ እጅ፣ ወንዝ ዳር አትሞክሩት። የብልሃርዚያው እጭ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በውሃው ውስጥ ይዋኛል፤ ያልቆሰለ ቆዳም ሰርስሮ ይገባል።

ከጎንደር ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ታች አርማጭሆ ውስጥ ሳንጃ የምትባል ከተማ አለች። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአሥር ዓመት በፊት የሳንጃን ተማሪዎች ሰገራ ሲመረምሩ ከአሥር ልጆች ከስምንት በላይ የሚሆኑት ብልሃርዚያ ተገኝቶባቸዋል። ቁጥሩን መጀመሪያ ሳየው የትየባ ስሕተት መስሎኝ ሁለት ጊዜ ተመልሼ አይቼዋለሁ። በደቡብ በኩል በጣና ዳር ጎርጎራም ሥጋቱ የታወቀ ነው። ወደ ደባርቅና ወደ ስሜን ስንወጣ ግን ውሃው ስለሚቀዘቅዝ ቀንድ አውጣውም በሽታውም ይመነምናሉ። ደጋውን የሚጠብቀው ብርድ ነው።

ትሉ ሰው ውስጥ ከገባ በኋላ ምን እንደሚበላ ታውቃላችሁ? ሄሞግሎቢን። በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ተቀምጦ ቀይ የደም ሕዋስ ይውጣል፣ ይፈጨዋል፣ የተረፈውን ጥቁር ዝቃጭ መልሶ ይተፋዋል። የዕድሜውን አንዱን ክፍል ቀይ ደም ባለው ቀንድ አውጣ፣ ሌላውን ቀይ ደም ባለው ሰው። የልጁን ደም ማነስ፣ የሆዱን ማበጥ፣ ክፍል ውስጥ መፍዘዙን ደግሞ እኛ «ሰነፍ ነው» ብለን እናልፈዋለን። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ ይሠራል። ግን ልጁ በማግስቱ ወደዚያው ወንዝ ከገባ እንደገና ይያዛል።

በሽታውን የማወቂያው መንገድ አሁንም በዋናነት ሰገራን በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። እንቁላሉ ጥቂት ከሆነ ያመልጣል። ሰማያዊ ደም ወደ ታሪኩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

በካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ሜጋቱራ ክሬኑላታ የሚባል፣ ዛጎሉ አናት ላይ ቀዳዳ ያለው ትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ አለ። ሄሞሳያኒኑ በምሕፃረ ቃል ኬኤልኤች ይባላል። በጣም ትልቅ፣ ለሰውነታችን ደግሞ ፍጹም ባዕድ የሆነ ፕሮቲን ስለሆነ የመከላከል አቅማችን ሲያየው ያብዳል ማለት ይቀላል። ሳይንቲስቶች ይህን እብደት ይፈልጉታል። ሰውነት በራሱ ችላ የሚለውን ትንሽ ሞለኪውል ኬኤልኤች ላይ ለጥፈው ሲወጉት፣ ለትልቁ የተነሳው ሠራዊት ትንሹንም አብሮ ያየዋል። ብዙ የምርምር አንቲቦዲዎች የተሠሩት በዚህ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች የሽንት ፊኛ ካንሰር ያለባቸውን ሰዎች የመከላከል አቅም ለመለካት ብቻ ኬኤልኤች ወጓቸው፤ ከዚያ ካንሰሩ የተመለሰባቸው ሰዎች ቁጥር ማነሱን አስተዋሉ። ከዚያ ወዲህ እንደ ሕክምናም እየተጠና ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ሌላው ግኝት ነው። በ1980ዎቹ (በፈረንጆቹ) ተመራማሪዎች የብልሃርዚያ ታማሚዎች ደም ውስጥ ያለ አንቲቦዲ ኬኤልኤች ላይ እንደሚጣበቅ አዩ። ካሊፎርኒያን በእግሩ ያልረገጠ፣ የባሕር ቀንድ አውጣ ያልቀመሰ ሰው እንዴት ለዚያ ፕሮቲን አንቲቦዲ ይኖረዋል? ምክንያቱ ስኳር ነው። በትሉ ቆዳ ላይ ያለ አንድ የስኳር ሰንሰለትና በኬኤልኤች ላይ ያለው ተመሳሳይ ናቸው። ስለዚህ ያ ሰማያዊ ፕሮቲን ታማሚን ለመለየት፣ በተለይም አዲስ የተያዘውን ከቆየበት ለመለየት ሊረዳ እንደሚችል የሚያሳዩ ጥናቶች ወጡ፤ አዲስ በተያዘው ሰው ደም ውስጥ ይኼ አንቲቦዲ በርከት ይላል። እንደ እኔ እንደ እኔ ከሆነ፣ ከዚህ ሁሉ የሰማያዊ ደም ወሬ ለሳንጃ ልጅ በቀጥታ የሚጠቅመው ይኼኛው ነው። የሚወራለት ግን ከሁሉም ያነሰ።

እዚህ ላይ ኢኮኖሚስትነቴ ይነሳብኛል። ኬኤልኤች ከአንድ የባሕር ዳርቻ ከሚገኝ አንድ እንስሳ ይቀዳል፤ እንስሳው ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ፍላጎቱ ሲጨምር አቅርቦቱ አብሮ አይጨምርም። ቺሊዎች ይህን አይተው ወደ ራሳቸው ባሕር ተመለከቱ። «ሎኮ» ብለው የሚበሉት የባሕር ቀንድ አውጣ አለ፤ ሄሞሳያኒኑን አጥንተው በኬኤልኤች ምትክ የሚያገለግል ምርት አደረጉት። ቡልጋሪያዎች ደግሞ በጥቁር ባሕር ቀንድ አውጣና በአትክልት ቦታ ቀንድ አውጣ ላይ ይሠራሉ። የአትክልት ቦታ ቀንድ አውጣ! ባሕር በር ስለሌለን ይህ ጉዳይ አይመለከተንም እንዳንል የሚያደርገን ይኼ ነው። በክረምት ከግቢያችን ግንብ ላይ የምንለቅመው ቀንድ አውጣ፣ በጣና ገባሮች ድንጋይ ሥር ያለው ሸርጣን፣ ሁለቱም ሰማያዊ ደም አላቸው። ነገ ተነስተን ፋብሪካ እንክፈት እያልኩ አይደለም። አንድ የማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ርዕስ ሲያጣ ይህን ያስብበት እያልኩ ነው።

ሰማያዊ ደም ካነሳን ብዙ ሰው የሚያደባልቀውን አንድ ነገር ላጥራ። የፈረስ ኮቴ ሸርጣን የሚባለው የባሕር ፍጥረት ሰማያዊ ደሙ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች እንደሚቀዳ በቪዲዮ ያየ ሰው ብዙ ነው። እውነት ነው፤ ክትባትና የግሉኮስ ፈሳሽ ከባክቴሪያ መርዝ ነጻ መሆናቸው በዚህ ደም ሲፈተን ኖሯል። ሥራውን የሚሠራው ግን ሰማያዊው ሄሞሳያኒን አይደለም፤ በደሙ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ናቸው። መርዙ ሲነካቸው ይረጋሉ። ቀለሙ ፎቶ ላይ ስለሚያምር ብቻ ነው ዝናውን የወሰደው።

ስለ ቀንድ አውጣና ስለ ኢትዮጵያ ተነስቶ አክሊሉ ለማን ማለፍ ነውር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከእነሱ በታች ባለው ውሃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው አየ። ከዚያ የተጀመረው ጥናት ዓመታት ወስዷል፤ ዓድዋ ላይ ወንዞቹ አምስት ዓመት በእንዶድ ሲታከሙ፣ ከስድስት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ የብልሃርዚያው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወርዷል። እሱና ባልደረባው ለገሠ ወልደዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስሙ ይጠራል።

የእንዶድ ኃይል ሳፖኒን ከሚባሉ ውህዶች ይመጣል፤ የእሱም ዋናው ለክብሩ «ለማቶክሲን» ተብሏል። ሳፖኒን አረፋ ያወጣል፣ ቀንድ አውጣ ይገድላል፣ በመመርመሪያ ቱቦ ውስጥ ደግሞ ቀይ የደም ሕዋስን አፍርሶ ሄሞግሎቢኑን ያፈስሳል። ይህንን ለአያቴ ስነግራት ጋቢዋን ዘርግታ አሳየችኝ። «ይኼው፣ ዕድሜዬን ሙሉ በእንዶድ ያጠብኩት። አንተ ዛሬ ነው የደረስክበት?» አለችኝ። ምን ልመልስላት? አሜሪካ ያለው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ በእንዶድ ዜብራ ሙስል የሚባለውን ወራሪ ዛጎል ለመግደል ፓተንት ሲያወጣ የሷን ዓይነት ሴቶች የጠየቃቸው የለም።

አሁን ከቦዩ ወደ ላይ እንውጣ፣ ወደ ስሜን። በውሃ ውስጥ የምትኖር ዳፍኒያ የምትባል እንደ ቁንጫ ያለች ፍጥረት አለች። ኦክስጅን ሲያንሳት ሄሞግሎቢኗን ታበዛለች፤ ገላዋ ብርሃን የሚያሳልፍ ስለሆነ ስትቀላ በዓይን ይታያል። የአንዲስ ተራራ ሰዎችም ልክ እንደሷ ናቸው፣ ከፍታ ላይ ሄሞግሎቢናቸው ይጨምራል። የእኛዎቹስ? ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦች ጋር ሆና በስሜን ተራሮች፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መረመረች። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር ነበር። ቆላ ባሕር ዳርቻ ካለ ሰው ብዙም አይለይም! ደማቸው በኦክስጅን የተሞላበት መጠንም 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ። የአንዲሱ ሰው ጫኝ ጨመረ፤ የቲቤቱ ሰው ጫኝ ሳይጨምር በአነስተኛ ኦክስጅን ኖረ፤ የስሜኑ ሰው ሁለቱንም አላደረገም። ሦስተኛ መንገድ ነው ተባለ።

ያም ሆኖ የስሜን ሴት ስትወልድ ደም ከፈሰሳት እንደማንኛውም ሰው ደም ያስፈልጋታል። ባለፈው ዓመት የጓደኛዬ እህት ወልዳ ደም ሲያጥራት፣ ዘመድ አዝማድ ተጠራርቶ ክንዱን ጠቅልሎ ሲሰለፍ አይቻለሁ። ከተማ ስለሆነ ተሰለፈ። ከጃን አሞራ የምትመጣዋስ? የተለመደው የደም ከረጢት በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቆየው 35 ቀን ነው፤ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ የደም ዓይነት ይለያያል፣ መንገድ ደግሞ ይዘጋል።

«ይሄን እኛ ላይ ብታደርገውስ?» ያልኩት ጥያቄ የሚመለሰው እዚህ ነው። የሰውን ወይም የላምን ሄሞግሎቢን ከሕዋሱ አውጥቶ በደም ምትክ ለመስጠት ለአሥርተ ዓመታት ተሞክሯል። ችግሩ ሄሞግሎቢኑ ትንሽ መሆኑ ነው። ከደም ሥር ሾልኮ ኩላሊት ይጎዳል፣ ደም ሥርን የሚያላላውን ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቅማል፣ ግፊት ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2008 የብዙ ሙከራዎችን ውጤት ያጠቃለለ ጥናት የድንገተኛ የልብ ሕመምና የሞት አደጋ መጨመሩን ሲያሳይ ነገሩ ቀዘቀዘ። ያቺ 3.6 ሚሊዮን ዳልተን ያልኳችሁ ቁጥር የምታስፈልገው አሁን ነው። የትል ሄሞግሎቢን በተፈጥሮው ያለ ሕዋስ እንዲሠራ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ግዙፍ ስለሆነ በቀላሉ አይሾልክም፣ የደም ዓይነትም የለውም። በአሜሪካ ኦሃዮ የምድር ትል ሄሞግሎቢን በአነስተኛ እንስሳት ላይ ተሞክሮ ተስፋ አሳይቷል። በፈረንሳይ ብሪታኒ ደግሞ ፍራንክ ዛል የሚባል ተመራማሪ አሸዋ ውስጥ የሚቀበር የባሕር ትል ሲያጠና ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ሄማሪና የሚባል ኩባንያ አቋቋመ። የዚያ ትል ሄሞግሎቢን እስከ 156 የኦክስጅን ሞለኪውል ይይዛል፤ የእኛ አራት ነው። ደርቆ ዱቄት ሊሆንም ይችላል።

ግን እስካሁን ፈቃድ ያገኘው ለሌላ ሥራ ነው። ለንቅለ ተከላ የተዘጋጀ ኩላሊት በበረዶ ላይ ሲቆይ ኦክስጅን እንዳይርበው ከማቆያው ፈሳሽ ጋር ይጨመራል፤ ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2022 የአውሮፓ ፈቃድ አግኝቷል። እኛ አገር በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከሕያው ዘመድ የሚወሰድ ስለሆነ፣ ኩላሊቱ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ነው የሚሻገረው፤ ረጅም ማቆያ ብዙም አያስፈልገውም። ስለዚህ ለእኛ ትልቁ ነገር ዱቄቱ ነው። ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ያለ ማቀዝቀዣ ተቀምጦ፣ በንጹሕ ፈሳሽ ተበጥብጦ፣ እናትየዋን ሆስፒታል እስክትደርስ የሚያቆያት። ይህ ገና ላቦራቶሪ ውስጥ ያለ ሐሳብ ነው፤ ወደ ሰው ደም ሥር የሚገባ የትል ሄሞግሎቢን ዛሬ በየትኛውም ሆስፒታል አይታዘዝም። ሲመጣም ዋጋው ስንት እንደሚሆን፣ መጀመሪያ ማን እንደሚገዛው ለመገመት ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም።

እስከዚያው ያለው የሰው ደም ነው። እኔ ከሰጠሁ ሦስት ወር ስላለፈኝ ማክሰኞ ጠዋት ደም ባንክ እሄዳለሁ፤ ጎንደር ያላችሁና መምጣት የምትፈልጉ ቁርሳችሁን በልታችሁ ኑ።